የምሥራች የሚታመነው መቼ ነው? «ዓለም እየተሻለች ነው» የሚለው ሙግት ሲዳሰስ

በአማርኛ ደስ የሚል ወሬ ድንገት አይዘረገፍም። ነጋሪው አስቀድሞ «የምሥራች!» ይላል፤ ሰሚው «ምስር ብላ» ብሎ ይቀበለዋል፤ ወሬው የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። የክፉ ወሬ ሥርዓት ከዚህም ይጠብቃል። መርዶ የሚያረዳው ሰው ይመረጣል፣ ሰዓቱ ይመረጣል፣ ዘመድና ጎረቤት ይሰበሰባል። በሁለቱም ሥርዓት የወሬው ነጋሪ ይታወቃል፤ ሰሚውም ነገሩ ለምን እንደሚመለከተው ያውቃል።

ባለፉት ሃያ ዓመታት ግን ሌላ ዓይነት የምሥራች ተበራክቷል። የሕፃናት ሞት ቀነሰ፣ ድህነት አሽቆለቆለ፣ ማንበብ የሚችለው ሕዝብ በዛ የሚል፣ በግራፍ የሚነገር፣ ሰሚው የዓለም ሕዝብ በሙሉ የሆነ የምሥራች ነው። ይህን የሚያሰራጩ ምሁራን፣ ድርጅቶችና ጋዜጦች አሉ፤ ወሬውን የሚጠራጠሩና አደገኛ ነው የሚሉም አሉ። በክርክሩ ውስጥ ሦስት ጉዳዮች ይምታታሉ። ወሬው እውነት ነውን? እውነት ከሆነ ሰው ለምን አያምነውም? መንገሩስ ምን ይጠቅማል? ይህ ዳሰሳ ሦስቱን ለየብቻ ለማየት ይሞክራል። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስምንተኛው ሺህ

ዓለም እየከፋች ነው የሚለው እምነት ከጋዜጣም ከቴሌቪዥንም ይቀድማል። ልጅ አባቱን ሲደፍር፣ ዳኛ ፍርድ ሲያጓድል፣ ዝናብ ሲዛባ «ስምንተኛው ሺህ ደረሰ» ማለት በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ስሌቱን ያየ ሰው ግን አንድ ነገር ያስተውላል። ቤተ ክርስቲያን በምትቆጥረው ዓመተ ዓለም ከክርስቶስ ልደት በፊት 5500 ዓመታት አሉ፤ ስለዚህ 2000 ዓ.ም. ማለት 7500 ዓመተ ዓለም ነው። ሰባተኛው ሺህ የተፈጸመው በ1500 ዓ.ም. ነው ማለት ነው። ስምንተኛው ሺህ ከግራኝ አሕመድ ጦርነት ጥቂት ቀደም ብሎ ገብቷል፤ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ኖረንበታል። በእነዚህ አምስት መቶ ዓመታት የኖረ እያንዳንዱ ትውልድ ክፉው ዘመን በእሱ ዕድሜ የደረሰ መስሎት ነበር።

ይህ ስሜት የኢትዮጵያውያን ብቻ እንዳልሆነ አዳም ማስትሮያኒና ዳንኤል ጊልበርት በ2023 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት አሳይተዋል። ቢያንስ ከ60 አገሮች የተሰበሰቡ፣ ሰባ ዓመት ገደማ የሚሸፍኑ የሕዝብ አስተያየት መጠይቆችን መረመሩ። ሰው በየአገሩና በየዘመኑ የሰው ምግባር ከድሮው ወርዷል ይላል። ነገር ግን ያው ሰው «ዛሬ በአካባቢህ ያሉ ሰዎች እንዴት ናቸው? ይተባበራሉ? ያከብሩሃል?» ተብሎ በየዓመቱ ሲጠየቅ መልሱ ለአሥርት ዓመታት አልተለወጠም። ውድቀቱ የሚታየው በትዝታ ውስጥ ነው።

በአውሮፓ ጥያቄው የፍልስፍና መልክ የያዘው በ18ኛው መቶ ዓመት ነው። በ1755 የሊዝበን ከተማን ያፈራረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ዓለም በመልካም ሥርዓት ትመራለች የሚለውን እምነት አናጋው፤ ቮልቴር በ1759 ያሳተመው «ካንዲድ» የዚያ መናጋት ፍሬ ነው። ኮንዶርሴ ደግሞ የፈረንሳይ አብዮተኞች ሲያሳድዱት ተደብቆ ስለ ሰው ልጅ አእምሮ እድገት ጻፈ፤ መጽሐፉ የወጣው በ1795፣ እሱ ከሞተ በኋላ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ማልተስ ሕዝብ ከእህል ይልቅ ፈጥኖ ይበዛልና ተስፋው ከንቱ ነው ሲል መለሰለት።

የኢትዮጵያ ምሁራን ወደ ጉዳዩ የገቡት በሌላ በር ነው። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ ከበደ ሚካኤልም «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» በሚለው መጽሐፋቸው የጠየቁት ዓለም ተሻሽላለች ወይስ አልተሻሻለችም ብለው አልነበረም። ሌላው ሲሻሻል እኛ ለምን ቀረን? ምን እናድርግ? ነው ያሉት። ለኮንዶርሴ መሻሻል ቆመው የሚመለከቱት ጉዞ ነበር፤ ለገብረ ሕይወት ገና ያልተሠራ ሥራ ነበር። ይህ ልዩነት ዛሬም ክርክሩን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ስም አይሰጠውም።

የዘመናችን ታዋቂ ውርርድም ከዚሁ ይገባል። በ1968 ስለ ሕዝብ ብዛት አስደንጋጭ መጽሐፍ የጻፈው ፖል ኤርሊክና የኢኮኖሚ ምሁሩ ጁልያን ሳይመን በ1980 በአምስት ማዕድናት ዋጋ ተወራረዱ። ሀብት እየተመናመነ ከሆነ በአሥር ዓመት ዋጋቸው ይወደዳል፤ ካልሆነ ይረክሳል። በ1990 ዋጋው ረክሶ ተገኘ፤ ኤርሊክም 576 ዶላር ከ7 ሳንቲም ከፈለ። ሳይመንን የሚያወድሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የማያነሱት፣ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ቆየት ብለው ያሰሉት ነገር አለ። ውርርዱ በሌሎች በርካታ አሥርት ዓመታት ላይ ቢደረግ ኖሮ አሸናፊው ኤርሊክ ይሆን ነበር። የአሥር ዓመት የምሥራች መነሻ ዓመቱ ከተቀየረ መርዶ ሊሆን ይችላል።

ቁጥሮቹ

ማንም በቁም ነገር የማይክደው ማስረጃ የሕፃናት ሞት ነው። በ1990 በዓለም ላይ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 93ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2022 ይህ ወደ 37 ወረደ። በዚያ ዓመት የሞቱት 4.9 ሚሊዮን ናቸው። ከአምስት ሚሊዮን በታች ሲሆን ያ የመጀመሪያው ነበር፤ በ1990 ከ12 ሚሊዮን በላይ ነበሩ።

ኢትዮጵያ ከዚህ ታሪክ ጉልህ ገጾች አንዱ ናት። በየጊዜው የተካሄዱት የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች እንደሚያሳዩት በ2000 ከ1,000 ሕፃናት 166 ይሞቱ ነበር፤ በ2005 123፣ በ2011 88፣ በ2016 67 ሆነ። የምዕተ ዓመቱ የልማት ግብ የጠየቀውን በሁለት ሦስተኛ መቀነስ አገሪቱ ከቀነ ገደቡ ቀድማ አሳክታለች። ከዚህ ቁጥር ጀርባ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አለ። በየቀበሌው ሁለት ሁለት ደመወዝተኛ ሴቶች፣ ባጠቃላይ ከ30 ሺህ በላይ፣ ሠልጥነው ክትባት፣ የአልጋ አጎበር፣ የመጸዳጃ ጉድጓድና የተቅማጥ ሕክምና ወደየቤቱ ወሰዱ።

ነገር ግን ያው ጥናት ሌላም ይናገራል። በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት ጨቅላዎች ቁጥር በ2000 ከነበረበት 49 በ2016 ወደ 29 ወረደ፤ ጠቅላላው የሕፃናት ሞት በ60 በመቶ ሲቀንስ ይኸኛው የቀነሰው በ40 በመቶ ገደማ ነው። ምክንያቱ አይሰወርም። ተቅማጥን፣ ወባንና ኩፍኝን በጤና ኬላ መከላከል ይቻላል፤ ሲወለድ የታፈነ ወይም ያለ ጊዜው የተወለደ ጨቅላ ግን አዋላጅ፣ ኦክስጅን፣ መብራትና አምቡላንስ ይፈልጋል። ቀላሉ ተሠርቷል፤ ውዱ ቀርቷል።

የገንዘብ ድህነት ቁጥር ከዚህ ይበልጥ አወዛጋቢ ነው። በዓለም ባንክ በቀን የ2.15 ዶላር መስመር ሲለካ በ1990 ሁለት ቢሊዮን ያህል ሰው በከፋ ድህነት ይኖር ነበር፤ በ2019 ወደ 700 ሚሊዮን ወርዷል። ትልቁ ድርሻ የቻይና ነው። ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ የድሆች ድርሻ ቢቀንስም ሕዝቡ ስለበዛ የድሆች ብዛት ጨምሯል። በሰኔ 2025 ባንኩ መስመሩን ወደ 3 ዶላር ከፍ ሲያደርግ የድሆቹ ቁጥር ከ800 ሚሊዮን በላይ ሆነ። በዚያ ቀን የአንድም ሰው ኑሮ አልተለወጠም፤ የተለወጠው መለኪያው ነው። ይህ መለኪያውን ውሸት አያደርገውም፤ ቁጥሩ ሲጠቀስ ግን መስመሩ አብሮ ካልተጠቀሰ ሰሚው ምን እንደተነገረው አያውቅም።

በሌላው ሚዛን ላይ የሚወጡት ቁጥሮችም የዚሁ ዘመን ናቸው። በስዊድን የሚገኘው የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የግጭት መረጃ ማዕከል በ2022 በዓለም ላይ በጦርነት የሞተው ሰው ቁጥር ከሩዋንዳው እልቂት ወዲህ ከፍተኛው መሆኑን ሲያስታውቅ፣ ከዩክሬንም በላይ ብዙ ሰው የሞተበት ጦርነት የሰሜን ኢትዮጵያው ነበር፤ ቁጥሩ ከ100 ሺህ ያልፋል። በዓለም ዙሪያ ከቤቱ የተፈናቀለው ሰው በ2024 ከ120 ሚሊዮን በልጦ ነበር። የረሃብተኞች ቁጥርም ለዓመታት ከቀነሰ በኋላ ተመልሶ ጨምሯል፤ በ2023 ከ700 ሚሊዮን በላይ ነበር።

ተከራካሪዎቹ

የዘመኑ የምሥራች ነጋሪዎች አባት ስዊድናዊው ሐኪም ሃንስ ሮስሊንግ ነው። ከወንድ ልጁና ከምራቱ ጋር ጋፕማይንደር የተባለውን ድርጅት አቋቋመ፤ በ2017 አረፈ፤ ታዋቂው መጽሐፉ በ2018 ወጣ። ሥራው የተነሣው ከአንድ ቀላል ፈተና ነው። ባለፉት ሃያ ዓመታት የከፋ ድህነት ጨመረ፣ ባለበት ቆመ ወይስ በግማሽ ቀነሰ ብሎ በብዙ አገሮች አስጠየቀ። ትክክለኛውን መልስ የሰጡት በአማካይ 7 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በጭፍን የሚመርጥ እንኳ ከሦስት አንዱን ያገኝ ነበር። ሮስሊንግ ከዚህ የደረሰበት መደምደሚያ ሰው አላዋቂ ነው የሚል አልነበረም። አላዋቂነት ቢሆን ስሕተቱ ወደ ሁለቱም ወገን ይበተን ነበር፤ ስሕተቱ ግን ወደ ክፉው ብቻ አጋደለ። ይህ ሰው በወጣትነቱ በሞዛምቢክ ናካላ ከተማ ሐኪም ሆኖ ሕፃናት በእጁ ላይ ሲሞቱ ያየ ነው። ተስፈኛ ሲሉት አይቀበልም ነበር፤ ራሱን የሚመድበው ይቻላል ከሚሉት ወገን ነበር።

በኦክስፎርድ የሚሠራው ማክስ ሮዘር ነገሩን በሦስት ቃል አስሮታል፦ ዓለም ክፉ ናት፣ ከድሮው በጣም ተሽላለች፣ ከዚህም ልትሻል ትችላለች። ሦስቱ እርስ በርስ የማይጋጩ መሆናቸው የሮዘር ዋና አስተዋጽኦ ነው። የሥነ ልቦና ምሁሩ ስቲቨን ፒንከር ደግሞ በ2011 እና በ2018 ባሳተማቸው ሁለት ትልልቅ መጻሕፍት ነገሩን ወደ ታሪክ ፍልስፍና ከፍ አደረገው፤ ጥቃት በረጅሙ ዘመን ቀንሷል፣ የቀነሰውም በምክንያታዊነት፣ በሳይንስና በንግድ ነው አለ።

ሦስቱን በአንድ ጆንያ መክተት የክርክሩ የተለመደ ስሕተት ነው። ሮስሊንግ ስለ ዕውቀት፣ ሮዘር ስለ ልኬት፣ ፒንከር ስለ ምክንያት ነው የሚናገሩት፤ በፒንከር ላይ የሚነሣው ተቃውሞም የግድ ሮስሊንግን አይነካም። ናሲም ታሌብና ፓስኳሌ ቺሪሎ ለምሳሌ የተቃወሙት የጦርነቱን ስሌት ነው። ታላላቅ ጦርነቶች ተራርቀው የሚመጡ ክስተቶች ስለሆኑ ሰባ ዓመት ያለ ዓለም ጦርነት ማለፉ አዝማሚያ ለመኖሩ ማስረጃ አይሆንም ይላሉ። ክርክራቸው ጠንካራ ነው። ሕፃናት ግን በየቀኑ ይወለዳሉ፣ በየቀኑም ይቆጠራሉ፤ በዚያ ቁጥር ላይ ይህ ተቃውሞ አይሠራም።

ጥልቁ ሙግት የተነሣው በ2019 መጀመሪያ ነው። ቢል ጌትስ የሮዘርን ግራፎች ሲያሰራጭ አንትሮፖሎጂስቱ ጄሰን ሂክል መልስ ጻፈ። ሂክል ሁለት ነገር ይላል። አንደኛ፣ ከ1981 በፊት ያለው የድህነት አኃዝ በቤተሰብ ጥናት የተለካ አይደለም፤ ከአጠቃላይ የምርት ግምት የተቀመረ ነው። መሬቱን፣ ደኑንና ግጦሹን በቅኝ ገዥ ተነጥቆ በደመወዝ ማዕድን ማውጫ የገባ ሰው በዚህ ስሌት ገቢው ጨምሯል ይባላል፤ የተነጠቀው ግን አልተመዘገበም። ሁለተኛ፣ መስመሩ እጅግ ዝቅተኛ ነው፤ በቀን 7.40 ዶላር ቢደረግ ከ1981 ወዲህ የድሆች ብዛት ከ3.2 ቢሊዮን ወደ 4.2 ቢሊዮን አድጓል።

ሮዘርና ባልደረቦቹ መስመሩ የትም ቢደረግ የድሆች ድርሻ ቀንሷል ብለው መለሱ። እዚህ ላይ ሁለቱም ወገኖች ትክክል ናቸው፤ አንዱ ድርሻን፣ አንዱ ብዛትን ይቆጥራል። የትኛው መቆጠር አለበት የሚለው የሒሳብ ጥያቄ አይደለም። በእኔ ግምት ሂክል ስለ 19ኛው መቶ ዓመት ያነሣው እስካሁን በቂ መልስ አላገኘም፤ ካለፉት አርባ ዓመታት የምሥራች ግን የሕፃናቱን ሞት የሚያስተባብል ነገር አላቀረበም።

አንድ አኃዝ በክርክሩ የሚምታቱ ሌሎች ሦስት ጥያቄዎችን ለመለየት ይረዳል። በኢትዮጵያ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት የቀነጨሩት በ2000 58 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 38 በመቶ። ተሻሽሏል? አዎን፣ በማያጠራጥር መንገድ። ጥሩ ነው? ከአምስት ሕፃናት ሁለቱ ያህል በምግብ እጦት ቁመታቸው ተገቶ የሚያድጉበት አገር ጥሩ ነው አይባልም። ይቀጥላል? ከዚያ ወዲህ ወረርሽኝ፣ ጦርነት፣ ድርቅና የኑሮ ውድነት ተደራርበዋል፤ ያለፈው መስመር የወደፊቱን ዋስትና አይሰጥም። «ዓለም እየተሻለች ነው» የሚል ሰው ከሦስቱ የትኛውን እንደሚመልስ ካልነገረን፣ የሚሰማው ሁሉ የየራሱን ጥያቄ መልስ ይወስድበታል። የሚጣሉትም በዚሁ ነው።

አራተኛም ልዩነት አለ፦ የማን የምሥራች? የሕፃን መዳን የማንንም አይቀንስም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ ግን ለኢትዮጵያውያን የትውልድ የምሥራች የሆነው ዜና በካይሮ የስጋት ዜና ነበር። በየዓመቱ የሚወጡ የዓለም መልካም ዜናዎች ስብስቦች የመጀመሪያውን ዓይነት ይመርጣሉ፤ ሁለተኛውን ይተዋሉ። ሕዝብ በእውነት አደባባይ ወጥቶ የሚደሰትባቸው ዜናዎች ግን ብዙ ጊዜ የሁለተኛው ዓይነት ናቸው።

ጆሮና ጣት

ሰው የምሥራቹን የማያምነው ለምንድን ነው? የተለመደው መልስ በ1965 ከወጣ የኖርዌጂያውያን ጥናት ይጀምራል። ዮሃን ጋልቱንግና ማሪ ሆልምቦ ሩገ የኮንጎ፣ የኩባና የቆጵሮስ ቀውሶች በአራት የኖርዌይ ጋዜጦች እንዴት እንደተዘገቡ መረመሩ። ዜና ለመሆን ክስተቱ ከጋዜጣው የሕትመት ዑደት ጋር መገጣጠም አለበት አሉ፤ ክፉ ነገር በአንድ ቀን ይሆናል፣ መልካም ነገር ግን ዓመታት ይወስዳል። አውሮፕላን የሚወድቀው በአንድ ደቂቃ ነው፤ ጤና ኬላ የአንድን ቀበሌ የሞት መጠን የሚለውጠው በአሥር ዓመት ነው። ሮዘር ይህንኑ ሲያስረዳ ከ1990 እስከ 2015 ጋዜጦች «የከፋ ድሆች ቁጥር ከትናንት ወዲህ በ137 ሺህ ቀነሰ» የሚል ርዕስ በየቀኑ ማተም ይችሉ ነበር ብሏል። በየቀኑ እውነት የሆነ ነገር በየትኛውም ቀን ዜና አልሆነም።

ቀጣዩ መልስ ከጋዜጣው ይልቅ አንባቢውን ይመለከታል። ስቱዋርት ሶሮካና ባልደረቦቹ በ2019 ባወጡት ጥናት በ17 አገሮች ሰዎች ዜና ሲያዩ የቆዳቸውንና የልባቸውን ምላሽ ለኩ፤ በአማካይ ክፉው ዜና ሰውነትን ይበልጥ ያነቃል። ይሁንና ከሰው ሰው ያለው ልዩነት በጣም ሰፊ ነበር፤ ለመልካሙ ይበልጥ የሚነቁም ጥቂት አልነበሩም። ይህን ጥናት «ሰው ክፉ ወሬ ይወዳል» ብሎ ማሳጠር ማስረጃውን ማጉደል ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ በመክፈትና በማካፈል መካከል ያለው ልዩነት ነው። በ2012 ደስ የሚሉ ታሪኮችን ለማሰራጨት የተቋቋመው አፕዎርዚ የተባለው ድረ ገጽ ለእያንዳንዱ ታሪክ ብዙ ርዕሶችን እየሞከረ የትኛው እንደሚከፈት ይመዘግብ ነበር። በ2023 ተመራማሪዎች ከ100 ሺህ በላይ የሚሆኑትን ርዕሶች ሲተነትኑ ርዕሱ ውስጥ የገባ እያንዳንዱ ክፉ ቃል የመከፈቱን ዕድል በ2.3 በመቶ ገደማ ይጨምር ነበር። ጆናህ በርገርና ካትሪን ሚልክማን ግን በ2012 ሰባት ሺህ የሚጠጉ የኒው ዮርክ ታይምስ ጽሑፎችን መርምረው ሰዎች በኢሜይል ለወዳጆቻቸው የሚልኩት ከክፉው ይልቅ መልካሙን፣ በተለይም የሚያስደንቀውን መሆኑን አግኝተው ነበር። ቁጣና ስጋትም ይላካሉ፤ የሚያሳዝን ብቻ የሆነው ግን እዚያው ይቀራል።

ሁለቱ ግኝቶች የሚጋጩ ይመስላሉ። ልብ ብለን ካየናቸው ግን የሚለኩት ሁለት የተለያዩ ድርጊቶችን ነው። ርዕስ መክፈት ሰው ብቻውን የሚያደርገው ነው፤ አደጋ ካለ ላውቅ የሚል ጥንቃቄ ነው። ወሬ መላክ ደግሞ በሌላ ሰው ፊት መቆም ነው፤ ላኪው የምሥራች ነጋሪ መሆን ይሻል፣ «ምስር ብላ» መባል ይፈልጋል። ዛሬ የምናየውን ዜና የሚመርጡልን ማሽኖች በአብዛኛው የሚቆጥሩት ጣት ምን ላይ እንዳረፈ ነው።

ዴቪድ ሌቫሪና ባልደረቦቹ በ2018 ያሳዩት ደግሞ ሌላ ነው። ሰማያዊና ወይን ጠጅ ነጥቦችን እንዲለዩ የተጠየቁ ሰዎች ሰማያዊዎቹ እየቀነሱ ሲመጡ ቀድሞ ወይን ጠጅ ያሉትን ሰማያዊ ማለት ጀመሩ። የሚያስፈሩ ፊቶች ሲቀንሱም እንዲሁ ሆነ። ችግር ሲያንስ የችግር ትርጉም ይሰፋል። የምሥራች ነጋሪዎች ይህን እንደ ስሕተት ያቀርቡታል፤ ሁልጊዜ ግን ስሕተት አይደለም። ሕፃን መሞቱ ሲቀር መቀንጨሩ መታየቱ፣ መቀንጨሩ ሲቀንስ የትምህርቱ ጥራት መጠየቁ የመሻሻል ሞተር ነው። መለኪያው ባይሰፋ ኖሮ በ166 ላይ ሆነን እናመሰግን ነበር።

የምሥራች በአዋጅ

የኢትዮጵያ የዜና ታሪክ ለዚህ ክርክር ሌላ አገር በቀላሉ የማያቀርበው ማስረጃ አለው። «አዲስ ዘመን» ጋዜጣ በ1933 ዓ.ም. ሲመሠረት ስሙ ራሱ የምሥራች ነበር፤ ጣልያን ወጥቶ አገር ነፃ የወጣበትን ዘመን ያበስራል። በዚህ ስም የጀመረ የመንግሥት ዜና አገልግሎት ከሥርዓት ሥርዓት እየተላለፈ መልካም መልካሙን የመንገር ኃላፊነት ተሸከመ።

ውጤቱ በ1966 ዓ.ም. ገደማ በወሎ ታየ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሲያልቅ የአገሪቱ የዜና አውታሮች ዝም አሉ። ጆናታን ዲምብልቢ ለእንግሊዝ ቴሌቪዥን ያዘጋጀው ፊልም በጥቅምት 1973 ሲታይ ዓለም ሰማ። ለኢትዮጵያ ሕዝብ የቀረበው ግን መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ተሰባጥሮ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ በማግስቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። አማርትያ ሴን በ1981 ባሳተመው ጥናት በዚያ ዓመት በአገር አቀፍ ደረጃ እህል ያን ያህል እንዳልጎደለ፣ ከወሎም እህል ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይወጣ እንደነበር አሳየ። የጠፋው የወሎ ገበሬ የመግዛት አቅምና የችግሩ ወሬ ነበር። ሴን ቆይቶ ከዚህና ከሌሎች ተነሥቶ ነፃ ፕሬስና ምርጫ ባለበት አገር ታላቅ ረሃብ ደርሶ አያውቅም የሚለውን ዝነኛ ሐሳቡን አቀረበ።

አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ነገሩ ተደገመ። በ1984 መጀመሪያ ላይ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ለለጋሾች ቢያስጠነቅቅም፣ የአገሪቱ መድረክ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ተይዞ ነበር። የማይክል በርክና የመሐመድ አሚን የኮረም ዘገባ በቢቢሲ የታየው በዓሉ ካለፈ በኋላ፣ በጥቅምት 23 ነው። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ተቃራኒው ጉድለት መጣ። በ1985 የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ያገነነው ምስል ለአሥርት ዓመታት የኢትዮጵያ ብቸኛ ምስል ሆኖ ቀረ፤ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የአገራቸውን ስም ሲናገሩ የሚሰሙት መልስ ረሃብ ነበር። የሕፃናቱ ሞት ከግማሽ በታች ሲወርድ ያን የሚያህል ምስል አላገኘም።

በኢሕአዴግ ዘመን የተስፋፋው «ልማታዊ ጋዜጠኝነት» ሐሳቡ በ1960ዎቹ በእስያ የተወለደ ነው። መነሻው የተከበረ ነበር፤ ጋዜጠኛ የከተማ ፖለቲካ ብቻ ሳይሆን የገበሬውን ኑሮ፣ የመስኖውንና የክሊኒኩን ሥራ እየተከታተለ፣ የታቀደውና የተሠራው ይገናኙ እንደሆነ ይመርምር የሚል ነው። በብዙ አገሮች ምርመራው ወድቆ ምረቃው ብቻ ቀረ። ጉዳቱ ሐሰት መነገሩ ብቻ አይደለም። የሕፃናት ሞት መቀነሱን የመሰለ እውነተኛ የምሥራች ከተጋነነው ጋር በአንድ ድምፅ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቃና ሲነገር ሰሚው ሁለቱንም አብሮ ጣለ። እውነተኛውን ሥራ የሠሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች ተአማኒነታቸውን ያጡት ባልዋሹት ውሸት ነው።

የውጭዎቹም ከዚህ አላመለጡም። «ዘ ኢኮኖሚስት» በግንቦት 2000 አፍሪካን ተስፋ የሌላት አህጉር ብሎ በሽፋኑ አወጣ፤ በታኅሣሥ 2011 ደግሞ እየተነሣች ነው አለ። በ2000 የሕፃናት ሞት መውረድ ጀምሮ ነበር፤ ከ2011 በኋላም የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት መጣ። አህጉርን በአንድ ቃል የሚሰይም ዜና መልካምም ይሁን ክፉ ከዕድገት መጠንና ከወቅቱ ስሜት በላይ ብዙ አያይም።

ለጭምጭምታ የሚከፈል ዋጋ

በዜና ሙያ ውስጥ ያለው የአሁኑ ክርክር ከዚህ ታሪክ አጠገብ ሲቀመጥ ይበልጥ ይገባል። በ1993 የቢቢሲው ዜና አንባቢ ማርቲን ሉዊስ መልካም ዜና ይበርክት ብሎ ሲናገር የሙያ ባልደረቦቹ አጥብቀው ነቀፉት። ዛሬ ነቀፌታው ለዝቧል፤ ምክንያቱም አድማጩ ራሱ እየሸሸ ነው። የሮይተርስ የጋዜጠኝነት ጥናት ተቋም በብዙ አገሮች በሚያደርገው መጠይቅ ዜና ሆን ብለው አንዳንዴ ወይም ዘወትር የሚሸሹ ሰዎች በ2017 29 በመቶ ነበሩ፤ በ2024 39 በመቶ ሆነዋል። ዴንማርካዊው ኡልሪክ ሃገሩፕ በ2017 በኦርሁስ የገንቢ ጋዜጠኝነት ተቋም መሠረተ። በአሜሪካ በ2013 የተቋቋመው የመፍትሔ ጋዜጠኝነት ኅብረት ደግሞ ለአንድ ዘገባ አራት ነገር ይጠይቃል፦ ለችግሩ ምን ተደረገ፣ እንዴት ሠራ፣ መሥራቱን የሚያሳይ ምን አለ፣ የት ላይ አልሠራም።

እንዲህ ያለ ዘገባ አንባቢው ደስ ብሎት እንዲነሣ ማድረጉን ጥናቶች በአብዛኛው ይስማማሉ። ተነሥቶ አንድ ነገር ያደርጋል ወይ በሚለው ግን ውጤቶቹ የተደባለቁ ናቸው፤ ጥያቄው ክፍት ነው። በእኔ አስተያየት ከአራቱ መመዘኛዎች ክብደት ያለው የመጨረሻው ነው። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» የሚባለው ለሰሚው ነው፤ አራተኛው መመዘኛ መላውን ነጋሪው ራሱ እንዲጨምር ያስገድዳል።

ታላላቆቹ የምሥራቾች እንዴት እንደተገኙ ሲታይ ይህ የጋዜጠኝነት ምርጫ ብቻ እንዳልሆነ ይታወቃል። የኦዞን ንጣፍ እያገገመ ያለው በ1985 ሳይንቲስቶች በአንታርክቲካ ሰማይ ላይ መሳሳቱን በግልጽ ስለተናገሩና አገሮች በ1987 በሞንትሪያል ስለተፈራረሙ ነው። ፈንጣጣም እንዲሁ። ኢትዮጵያ የማጥፋት ዘመቻውን በ1971 ከጀመሩት የመጨረሻዎቹ አገሮች አንዷ ነበረች፤ የመጨረሻዋ ታማሚ በነሐሴ 1976 በደቡብ ምሥራቅ ተገኘች። በዓለም በተፈጥሮ የተዛመተው የመጨረሻው ፈንጣጣ በጥቅምት 1977 በሶማሊያ መርካ ከተማ የሆስፒታል ምግብ አብሳይ የነበረውን አሊ ማው ማአሊንን ያዘው፤ እሱም ድኖ ኋላ ለፖሊዮ ክትባት ሕዝብ ሲቀሰቅስ ኖረ። ዘመቻው ሐኪሞች የመጨረሻዋን ሽፍታ እንዲያዩ የረዳቸውን ሰው በገንዘብ ይሸልም ነበር። በ1978 የዓለም ጤና ድርጅት አዲስ ታማሚ ለሚጠቁም 1,000 ዶላር አወጣ። ከመርካ በኋላ በተፈጥሮ የተዛመተ ፈንጣጣ ይዞ የመጣ ግን አልነበረም፤ በግንቦት 1980 ዓለም ከፈንጣጣ ነፃ መውጣቷ ታወጀ። የምሥራቹ የታመነው መርዶ ነጋሪው እንደሚሸለም እየታወቀ መርዶ ስለጠፋ ነው።

ያው አሠራር ዛሬ በጋምቤላ አለ። በ1986 በ21 አገሮች 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ይይዝ የነበረው ጊኒ ዎርም የተባለው የትል በሽታ በ2023 በመላው ዓለም 14፣ በ2024 15 ሰው ብቻ ይዟል። በኢትዮጵያ የቀረው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ትሉ ወደ ውሾችና ወደ ዝንጀሮዎች በመዛመቱ ማብቂያው ተወሳስቧል። በሽታውን የጠረጠረ ሰው ይጠቁማል፤ ጥቆማው እውነት ከሆነ ገንዘብ ይከፈለዋል። እያንዳንዱ ጭምጭምታ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲጣራ ይጠበቃል። አንድ አገር ከበሽታው ነፃ ነኝ ብሎ ማረጋገጫ ሲጠይቅ የሚመረመረው የታማሚዎቹ ዜሮ መሆን ብቻ አይደለም፤ በእነዚያ ዓመታት ከየወረዳው ስንት ጭምጭምታ እንደመጣና ስንቱ በሰዓቱ እንደተጣራ የሚያሳየው መዝገብም ይገለጣል። ጭምጭምታ ያልመጣበት ወረዳ ካለ ንፁህ ነው ተብሎ አይታለፍም፤ ሰው ይላክበታል።